ሞደሙን ከሳሎን ሲያወጡት

ባሕር ዳር ውስጥ በብዙ ቤት የቴሌ ሽቦ ከመንገዱ ምሰሶ ተስቦ በቀጥታ ሳሎን ይገባል። ሶኬቱ ከበሩ ጀርባ ወይም ከቡፌው አጠገብ ይመታል፤ የኢንተርኔቱ ሞደምም እዚያው ይቀመጣል። ኢንተርኔቱን አጥብቆ የሚፈልገው ሰው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። ተማሪዋ ልጅ ከጓዳው ጎን ባለው መኝታ ክፍል፣ ሥራውን ከቤት የሚሠራው ደግሞ ግቢው ጥግ ባለችው ሰርቪስ ቤት። በመሃል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ስላለ ዋይፋዩ እየደከመ ይደርሳል፤ አንዳንዴም ጨርሶ አይደርስም።

ይህ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚያደርገው አንድ ነው። ገበያ ወጥቶ ጠፍጣፋውን የስልክ ገመድ አሥር ወይም ሃያ ሜትር ይገዛል፣ ሳሎን ካለው ሶኬት ላይ ይሰካዋል፣ በምንጣፉ ሥር አሳልፎ ሞደሙን መኝታ ክፍል ያስገባል። አንድ ሁለት ቀን ይሠራል። ከዚያ መቆራረጥ ይጀምራል፤ ማታ ማታ ይብስበታል፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይጠፋል። ሁሉም በውጪው መስመር ያመካኛል። ጥፋቱ ግን ምንጣፉ ሥር ነው ያለው።

ሞደሙን በትክክል ማዛወር ከባድ አይደለም። ግማሽ ቀንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃዋል። ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡ። ይህ መመሪያ በመዳብ የስልክ ሽቦ ለሚመጣ ኢንተርኔት፣ ማለትም ለኤዲኤስኤል ነው። ቤትዎ የገባው ቀጭን የፋይበር ገመድ ከሆነ አይቁረጡት፣ አይቀጥሉት፣ አጥብቀውም አይጠፉት፤ ውስጡ መስታወት ነው። ለፋይበር ቤት የሚጠቅመው ከዚህ በታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ ያለው የላን ኬብል መንገድ ብቻ ነው።

1. ምንም ሽቦ ሳይነኩ ይለኩ

ሞደሙ ሳሎን እንዳለ ብሮውዘር ይክፈቱና የሞደሙን አድራሻ ያስገቡ። በብዙዎቹ 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነ ሞደሙ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያገኙታል። የዲኤስኤል ሁኔታ የሚያሳየውን ገጽ ይፈልጉና ሦስት ቁጥሮች ደብተር ላይ ይጻፉ፦ መስመሩ የያዘውን ፍጥነት፣ ኤስኤንአር ማርጂን የሚለውን፣ አቴንዌሽን የሚለውን።

ኤስኤንአር ማርጂን ሲግናሉ ከሁካታው በላይ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ይነግርዎታል። የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ ከፍ ሲል ጥሩ ነው። ከ6 በታች ከወረደ መቆራረጥ ይጠብቁ፤ ከ10 በላይ ከሆነ መስመሩ ረጋ ያለ ነው። አቴንዌሽን ደግሞ ሲግናሉ እርስዎ ዘንድ እስኪደርስ መንገድ ላይ የቱን ያህል እንደደከመ ያሳያል፤ እሱ ዝቅ ሲል ነው ጥሩ የሚሆነው። ወደ 60 የተጠጋ መስመር ሞደሙ የትም ቢቀመጥ ብዙ ተስፋ የለውም።

ልኬቱን ሁለት ጊዜ ይውሰዱ፤ አንዱን ቀን፣ ሌላውን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ። ምክንያት አለው። የሰው ድምፅ በስልክ ሽቦ ላይ የሚይዘው ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለውን ብቻ ነው። ኤዲኤስኤል ከ25 ኪሎ ኸርዝ ግድም ተነሥቶ እስከ 1.1 ሜጋ ኸርዝ ይሄዳል፤ ኤዲኤስኤል ቱ ፕላስ የሚባለው እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ ይደርሳል። የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ጣቢያዎች ያሉትም እዚሁ መሃል፣ ከ531 እስከ 1602 ኪሎ ኸርዝ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የእነዚህ ጣቢያዎች ሞገድ ከቀኑ ይልቅ እጅግ ሩቅ ይጓዛል። ያልተጠማዘዘ ረጅም ሽቦ ቤት ውስጥ ከዘረጉ አንቴና ሆኖ ይቀበላቸዋል። «ቀን ደኅና ነው፣ ማታ ይበላሻል» የሚለው ስሞታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

እግረ መንገድዎን አንድ ሙከራ ያድርጉ። በቤቱ ያሉትን ስልኮች ሁሉ ይንቀሉና ሞደሙን በአጭር ገመድ ብቻውን ከዋናው ሶኬት ጋር ያገናኙት። ቁጥሮቹ በግልጽ ከተሻሻሉ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው፤ እርስዎ ሊያስተካክሉት ይችላሉ። እንደነበሩ ከቀሩ ችግሩ ከሶኬቱ ወዲያ ሊሆን ይችላል።

ሞደሙ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የሪሴት ቀዳዳ ግን በመርፌ አይጫኑ። የመስመሩ የይለፍ ስምና ቃል ሞደሙ ውስጥ ነው የተጻፈው፤ ሪሴት ካደረጉት ይጠፋል፤ እንደገና እስኪገባ ድረስም ኢንተርኔት አይኖርዎትም።

2. የሚያስረዝሙትን ይምረጡ

እዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልሸሽግ ልንገርዎ። ከተቻለ ሞደሙን አያንቀሳቅሱት። ሳሎን ይተዉትና ከሞደሙ ወደሚፈልጉት ክፍል ላን ኬብል ይሳቡ። ከቴሌ የሚመጣው ሲግናል በመንገዱ ደክሞ የደረሰ፣ በትንሽ ነገር የሚረበሽ ነው። ከሞደሙ የሚወጣው ደግሞ አዲስና ጠንካራ ነው፤ ላን ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለ ሐሳብ ያደርሰዋል። ኬብሉ ጫፍ ላይ አክሰስ ፖይንት ወይም ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ ራውተር ቢያደርጉ ክፍሉ የራሱ ዋይፋይ ይኖረዋል። አሮጌውን ራውተር ከመሰካትዎ በፊት አድራሻውን 192.168.1.2 አድርገው ይቀይሩትና ዲኤችሲፒ የሚለውን ይዝጉት። ኬብሉን ከላን ቀዳዳው ላይ እንጂ ዋን ከሚለው ላይ አይሰኩት። ይህን ካልተጠነቀቁ ሁለቱ መሣሪያዎች አድራሻ በማደል ይጋጩና ቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት ያጣል።

ሞደሙን ራሱን ማዛወር ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሳሎኑ የመብራት ሶኬት የሌለው ይሆናል፤ ልጆች በመጡ በሄዱ ቁጥር ይነቅሉታል፤ ጣሪያው እዚያ ላይ ያንጠባጥባል፤ ወይም መብራት ሲጠፋ ሞደሙን የሚያቆየው ባትሪ ያለው ሥራ ክፍል ነው። ሁለተኛ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያጠረዎትም ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ወደ ሦስተኛው ይለፉ።

የሚሄዱት ወደ ሰርቪስ ቤት ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በግቢው ላይ የመዳብ ኬብል እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ በአየር አይወጥሩ። በመሬት ውስጥ በፕላስቲክ ቱቦ ያሳልፉት፤ መብረቅ የሚበዛበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ቤቶች በፋይበር ማገናኘት ይሻላል። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

3. ትክክለኛውን ኬብል ይግዙ

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ካት ፋይቭ ኢ ኬብል፣ አንድ ስፕሊተር፣ አንድ የስልክ ሶኬት፣ አጭር የስልክ ገመድ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ መላጫ፣ የኬብል ሚስማር፣ ግድግዳ መብሳት ካለብዎት ትራፓኖ። የስልክ መስመሩ አንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ካት ፋይቭ ኢ ግን አራት ጥንድ አለው። ቢሆንም እሱን ይግዙ፤ ዋናው ቁም ነገር ጥንዶቹ መጠማዘዛቸው ነው። ሁለቱ ሽቦዎች እርስ በርስ ሲጠማዘዙ ከውጭ የሚመጣ ሁካታ ሁለቱን እኩል ይነካቸዋል። ሞደሙ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ስለሆነ እኩል የገባው ሁካታ ተጣፍቶ ይቀራል። ጠፍጣፋው የስልክ ገመድ ሽቦዎቹ ጎን ለጎን የተኙ ናቸው፤ ይህ ጥበቃ የለውም። ለግማሽ ሜትር ችግር የለውም፤ ለአሥር ሜትር ግን አይሆንም።

ርዝመቱ ራሱ እንዳያስፈራዎት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥሩ የመዳብ ሽቦ ሲግናሉን የሚያደክመው በአንድ ኪሎ ሜትር 14 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሃያ ሜትር ሲጨምሩ ታዲያ ኪሳራው ከአንድ ዴሲቤል ሢሶ አያልፍም፤ አያስተውሉትም። ኤዲኤስኤልን የሚገድለው የኪሎ ሜትሮች ርቀት ነው። ከማከፋፈያው አምስት ኪሎ ሜትር ከራቀ መስመሩ ይንገዳገዳል፤ ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ግድም መንገድ በአንድ የመዳብ ሽቦ የሚታሰብ አይደለም። ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ፍጥነትዎን የሚበላው መጥፎ ሽቦና መጥፎ መጋጠሚያ እንጂ ሜትሩ አይደለም።

ሱቅ ሲገቡ ሳይፈትሹ ገንዘብ አይስጡ። መልካቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው አልሙኒየም፣ ላያቸው ብቻ መዳብ የተቀባ ኬብሎች በብዛት አሉ። እኔ አንድ ጊዜ ርካሽነቱን አይቼ ገዛሁ፤ ሽቦውን ልጬ ሶኬቱ ላይ ሳስረው ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ያሰርኩት ደግሞ በክረምቱ አጋማሽ ላይ ውስጥ ውስጡን ተበልቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ይዤ ነው የምሄደው። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ያድርጉት። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ካዩ አልሙኒየም ነው፤ ይመልሱት። ደግሞም ሽቦው አንድ ወጥ ይሁን፤ በብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራው ለግድግዳ ዝርጋታ አይሆንም።

4. ዋናውን ሶኬት ከፍተው ያጽዱ፣ ስፕሊተሩን እዚያው ያስገቡ

የስልክ ሽቦ ኤሌክትሪክ አለው። ዝም ሲል 48 ቮልት ግድም ይዞ ይቆያል፤ ሲደወል ደግሞ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ያስደነግጣል ግን፤ መሰላል ላይ ከሆኑ ድንጋጤው ራሱ ያወርድዎታል። ስለዚህ ሁለቱን ባዶ ሽቦ አንድ ላይ አይያዙ፣ እጅዎ እርጥብ አይሁን፣ መሣሪያዎ የፕላስቲክ እጀታ ይኑረው።

የጣና ዳር ቤቶችን ሶኬት ከፍቶ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ሽምብጥ ሰፈር የሚኖር የአንድ ወዳጄን ሶኬት ስንከፍት ክዳኑ ውስጥ ሸረሪት ድር አድርታለች፤ ከሁለቱ ብሎን አንዱ ላልቷል፤ የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ሆኖ እንደ አመድ በጣት ይረግፋል። ከሥሩም የቀድሞ ተከራይ በእጅ ጠምዝዞ በናስትሮ የጠቀለለው ቅጥያ ነበረ፤ ናስትሮው ሙጫው ቀልጦ ተላቋል። ያን ቆርጠን፣ ሽቦውን እስከ ንጹሑ መዳብ ድረስ ልጠን፣ ብሎኑን አጥብቀን ስናስር ኤስኤንአሩ ከ7 ወደ 12 ወጣ። ገና አንድ ሜትር አዲስ ኬብል ሳንዘረጋ ነው። የሐይቁ እርጥበት፣ ክረምት ላይም በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አካባቢ የሚነሣው ርጭት፣ ላልቶ የታሰረ መዳብን አይምርም።

ካጸዱ በኋላ ስፕሊተሩን እዚህ፣ ሽቦው ቤት በሚገባበት ቦታ ላይ ያድርጉት። ሦስት ቀዳዳ አለው፦ ላይን የሚለው ከቴሌ የሚመጣውን ይቀበላል፤ ፎን የሚለው ወደ ስልኮች ይሄዳል፤ ሞደም የሚለው ወደ አዲሱ ኬብልዎ። ሥራው ዝቅተኛውን የድምፅ ሞገድ ከከፍተኛው የኢንተርኔት ሞገድ መለየት ነው። ያለ እሱ ስልክ ሲደወልና ሲነሣ ኢንተርኔቱ ይረበሻል፤ ስልኩም ውስጥ ሹሹታ ይሰማል።

ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በቤቱ ውስጥ በተለያየ ክፍል የተበተኑ የስልክ ሶኬቶች ካሉ ሁሉም ከስፕሊተሩ የፎን ቀዳዳ በኋላ መሆን አለባቸው። ከስፕሊተሩ በፊት ተቀጥሎ ጫፉ ባዶ የተንጠለጠለ ሽቦ ካለ፣ ማንም የማይጠቀምበት ቢሆንም እንኳ፣ ሲግናሉ እዚያ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ይመለሳል፤ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይጋጫል። መጨረሻው የተደፈነ የመስኖ ቦይ ውኃውን ወደ ኋላ እንደሚመልሰው ነው። ያልተጠቀሙበትን ቅጥያ ሁሉ ከሥሩ ይንቀሉት።

ከዋናው ሶኬት ወደ ውጭ፣ ወደ ምሰሶው ያለው ግን የእርስዎ ሥራ አይደለም። ምሰሶ ላይ አይውጡ፤ የውጪውን ሳጥን አይክፈቱ።

5. ኬብሉን ይዘርጉ

መንገዱን መጀመሪያ በዓይን ይሂዱበት፣ ከዚያ በሜትር ይለኩ፣ ሁለት ሜትር ትርፍ ይጨምሩ። በመሃል የማይቀጠል አንድ ወጥ ኬብል መሆን አለበት፤ ማጠሩ መንገድ ላይ ከታወቀ ቀጥሎ ከመሥራት እንደገና መግዛት ይሻላል።

ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አያሳልፉት። በመጀመሪያ ደረጃ ለሕይወትዎ ነው፤ የ220 ቮልቱ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ከስልኩ ሽቦ ጋር ቢነካካ ሞደሙንም የነካውንም ሰው ይጎዳል። ሁለተኛም ሁካታ ያስገባል። ጎን ለጎን መሄድ ግድ ከሆነ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያራርቋቸው፤ መሻገር ካለባቸው ቀጥ ብለው ይሻገሩ። ከፍሎረሰንት መብራት፣ ከፍሪጅ ጀርባና ከውኃ መሳቢያ ፓምፕም ያርቁት። ግድግዳ ከመብሳትዎ በፊት የመብራት ሶኬቶቹ የት እንዳሉ ይዩ፤ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው።

በኬብል ሚስማር ሲመቱ ኬብሉን አያጨፍልቁ፤ ማዕዘን ላይ ክብ አድርገው ያዙሩት። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ሚስማሩ አይይዝም፤ በእንጨቱ ወይም በበሩ መቃን ላይ ያስኪዱት። ምንጣፍ ሥር፣ በር ሥር፣ ወንበር እግር ሥር አይሆንም።

6. ጫፎቹን ይሥሩ

ከአራቱ ጥንድ ሰማያዊውንና ነጭ በሰማያዊውን ብቻ ይጠቀሙ። ከአንድ ጥንድ ሰማያዊ፣ ከሌላው ጥንድ ብርቱካናማ መውሰድ ከባድ ስሕተት ነው፤ ያኔ መጠማዘዙ ከንቱ ይሆናል፤ ሽቦው መዳብ መሆኑ ብቻ አያድነውም። በስልክ ሶኬቱ ላይ የሚያስሩት ከመሃለኞቹ ሁለት እግሮች ጋር ነው። የቱ ሽቦ በየትኛው ላይ ቢውል ለሞደሙ ለውጥ የለውም። የውጭ ልባሱን ከሦስት ሴንቲ ሜትር በላይ አይላጡ፤ ጥንዱም እስከ ብሎኑ ድረስ እንደተጠማዘዘ ይድረስ። የቀሩትን ሦስት ጥንዶች ቆርጠው አይጣሉ፤ ወደ ኋላ አጥፈው ያኑሯቸው፤ አንድ ቀን ሰማያዊው ቢበላሽ ምትክ ይሆናሉ።

ሶኬቱ ላይ «ዲኤስኤል ብቻ» ብለው በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ያለዚያ ነገ የመጣ እንግዳ ስልክ ይሰካበታል።

7. እንደገና ይለኩ

ሞደሙን በአዲሱ ቦታ በአጭር ገመድ ያገናኙ፤ የዲኤስኤል መብራቷ ብልጭ ብልጭ ብላ ቀጥ ብላ እስክትቆም ሁለት ሦስት ደቂቃ ይታገሡ። ከዚያ ደብተርዎን ያውጡና ሦስቱን ቁጥሮች ያነጻጽሩ፤ ቀንም ማታም። ልዩነቱ አንድ ዴሲቤል ያህል ከሆነ ሥራዎ ያማረ ነው። ኤስኤንአሩ ሦስትና ከዚያ በላይ ከወረደ አንዱ ጫፍ ላልቷል፣ ጥንዱ ተለያይቷል፣ ወይም የተረሳ ቅጥያ አለ። ሞደሙን መልሰው ዋናው ሶኬት ላይ ይሰኩትና ይለኩ፤ እዚያ ደኅና ከሆነ ጥፋቱ እርስዎ በዘረጉት ላይ ነው፤ ከጫፎቹ ይጀምሩ።

ዋናው ሶኬት ላይም ቁጥሮቹ መጥፎ ከሆኑ፣ ወይም ስልኩን አንሥተው ሲያዳምጡ ቅርቅር የሚል ድምፅ ካለ፣ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994 ይደውሉ። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ከማለት «ዋናው ሶኬት ላይ ብቻውን ተሰክቶ ኤስኤንአሩ ቀን 5፣ ማታ 3 ነው» ቢሏቸው ለመጪው ቴክኒሻን ሥራውን ግማሽ አቀለሉለት ማለት ነው።

8. ለክረምቱ ያዘጋጁት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጣና ዙሪያ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከብዳል፤ ነጎድጓዱም ይከተላል። ከውጭ በሚገባው ሽቦ ላይ ከግድግዳው ቀዳዳ በፊት ወደ ታች ዘንበል ያለ መታጠፊያ መኖሩን ይዩ፤ ጠብታው በዚያ ላይ ይወርዳል እንጂ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሶኬቱ አይገባም። ቀዳዳውን በሲሊኮን ይድፈኑት።

ብዙ ሰው ዝናብ ሲመጣ የሞደሙን የመብራት መሰኪያ ብቻ ይነቅልና እፎይ ይላል። መብረቅ ግን በስልኩም ሽቦ ይገባል፤ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በአየር የተዘረጋው ረጅም ሽቦ እሱ ነው። ደመናው ሲከብድ ሁለቱንም ይንቀሉ፤ የመብራቱንም የስልኩንም። ነጎድጓዱ አናትዎ ላይ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ግን ይተዉት፤ ሽቦውን በእጅዎ አይንኩ።